ስለ ሞዴል ባቡር የመንገደኛ ፉርጎዎች ጥራትና ዋጋ

ሞዴል ባቡር ማለት እውነተኛውን ባቡር በልክ አሳንሶ የሚያሳይ፣ በትንንሽ ሐዲድ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድ ዕቃ ነው። በአገራችን እምብዛም ያልተለመደ ቢሆንም፣ በጀርመን፣ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ከልጆች መጫወቻነት አልፎ የአዋቂዎች መዝናኛ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የራሱ ፋብሪካዎች፣ የራሱ ካታሎግና የራሱ ደምበኞች ያሉት የንግድ ዘርፍ ነው። በካታሎግ ላይ አንድ መስለው የሚታዩ ሁለት ዕቃዎች አንዱ በ45 ዩሮ፣ ሁለተኛው በ80 ዩሮ ሲሸጡ፣ ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ለይቶ ማወቅ ለማንኛውም አስመጪና ቸርቻሪ የሚጠቅም ዕውቀት ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን ከዚህ ቀጥሎ በዝርዝር እንገልጻለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዚህ ንግድ የገዢው ዐይን መጀመሪያ የሚያርፈው በጎታቹ ሎኮሞቲቭ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ግን በብዛት የሚሄደው ወደ ፉርጎዎቹ ነው። አንድ ሎኮሞቲቭ የገዛ ሰው ከኋላው የሚቀጠሉ አምስት ወይም ስድስት ፉርጎዎች ያስፈልጉታል። ከስድስቱ አንዱ በቁመት፣ በቀለም ወይም በመያያዣ ከሌሎቹ ጋራ የማይስማማ ከሆነ የባቡሩ መልክ በሙሉ ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ፉርጎ ያስመጣ ነጋዴም ዕቃው በመደርደሪያ ላይ ይቀርበታል። ስለዚህ የፉርጎ ዋጋ ውድ ወይም ርካሽ ነው የሚባለው ብቻውን ተነሥቶ ሳይሆን፣ ከሚሄድበት ሐዲድና አብረውት ከሚቀጠሉት ጋራ ተመዝኖ ነው።

1ኛ፤ የልኬትና የሐዲድ ስፋት ነገር

በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ልኬት «ኤች ኦ» የሚባለው ሲሆን፣ ትርጓሜው ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። በአውሮፓ አብዛኛው የባቡር ሐዲድ፣ እንዲሁም በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነው። ይህ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የኤች ኦ ሐዲድ ስፋትም ይኸው ነው። ከዚህ የሚያንሱት «ኤን» የሚባለው 1 ለ 160 ልኬት በ9 ሚሊሜትር ሐዲድ፣ «ዜድ» የሚባለው 1 ለ 220 ልኬት ደግሞ በ6.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ዜድን በ1972 ለገበያ ያቀረበው ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ነው።

ለነጋዴ ስሕተት የሚያመቸው የእንግሊዝ አገር ልማድ ነው። የእንግሊዝ ባቡሮች ከአህጉሩ ባቡሮች ጠበብ ያሉ በመሆናቸው፣ በመጀመሪያው ዘመን የነበሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች በ1 ለ 87 ልኬት በተሠራ አካል ውስጥ ሊገቡ አልቻሉም። ስለዚህ ሠሪዎቹ አካሉን ወደ 1 ለ 76 አሳድገው ሐዲዱን በ16.5 ሚሊሜትር ተዉት፤ ይህም «ኦ ኦ» ይባላል። ከዚህ የተነሣ የእንግሊዝና የጀርመን ፉርጎዎች በአንድ ሐዲድ ላይ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ነገር ግን የእንግሊዙ ልኬት ከመቶ 14 እጅ ያህል ይበልጣል።

ጉዳቱን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በ1951 የወጣው «ማርክ 1» የተባለው የእንግሊዝ ባቡር ድርጅት ረጅሙ ፉርጎ 19.7 ሜትር ያህል ነው፤ በኦ ኦ ሲሠራ 25.8 ሳንቲሜትር ግድም ይሆናል። ከጀርመን ፉርጎዎች መካከልም በሞዴልነት 26.4 ሳንቲሜትር የሆነ አለ። በካታሎግ ርዝመቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን የሚቀራረቡ ዕቃዎች አድርጎ ሊገምታቸው ይችላል። አጠገብ ላጠገብ ሲቆሙ ግን የአንዱ በርና መስኮት ከሌላው በርና መስኮት ጋራ በልክ አይመሳሰልም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ርዝመቱ ሳይሆን ልኬቱ ነው።

2ኛ፤ አንድ ፉርጎ በሦስት ርዝመት

ልኬቱ ከታወቀ በኋላ ደግሞ ርዝመቱን መመርመር ያስፈልጋል። በጀርመን የባቡር ድርጅት ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአጭር ጉዞ የተሠሩት፣ አካላቸው ቀለም ባልተቀባ የማይዝግ ብረት የተሸፈነው «ዚልበርሊንግ» በሚል ቅጽል ስም የታወቁት ፉርጎዎች ርዝመታቸው 26.4 ሜትር ነው። ይህ ርዝመት በትክክል ለ87 ሲካፈል 30.3 ሳንቲሜትር ይሆናል። በቤት ውስጥ የሚዘረጋ ሐዲድ ግን እንደ እውነተኛው መስመር ሰፊ ኩርባ ሊኖረው አይችልም፤ ክፍሉ አይበቃምና። ስለዚህ ፋብሪካዎች ወርዱንና ከፍታውን በ1 ለ 87 ትተው ርዝመቱን ብቻ ማሳጠር ለመዱ። በዚህ ምክንያት አንዱ የ26.4 ሜትር ፉርጎ በገበያ ላይ በሦስት ርዝመት ይገኛል፤ ይኸውም በ1 ለ 100 ርዝመት 26.4 ሳንቲሜትር፣ በ1 ለ 93.5 ርዝመት 28.2 ሳንቲሜትር፣ በሙሉ ልኩ 30.3 ሳንቲሜትር ነው። ሜርክሊን በብዙዎቹ ረጃጅም ፉርጎዎቹ 28.2ቱን ሲከተል፣ የሳልዝቡርጉ ሮኮ በብዙዎቹ አዳዲስ ፉርጎዎቹ ሙሉውን ርዝመት ይከተላል።

ሙሉው ርዝመት ለዐይን ያምራል፤ ነገር ግን ቦታ ይፈልጋል። የዚልበርሊንግ ፉርጎ የሚያርፍባቸው ሁለት ባለ አራት መንኰራኵር ጋሪዎች፣ በሙያው ስማቸው ቦጊዎች፣ በእውነተኛው ፉርጎ ላይ 19 ሜትር ይራራቃሉ። በሜርክሊን ጠባቡ መደበኛ ኩርባ፣ ማለት ከመካከል እስከ ሐዲዱ 36 ሳንቲሜትር በሆነው ላይ፣ ሙሉ ርዝመት ያለው ፉርጎ ወገቡ ከሐዲዱ መካከል ወደ ውስጥ 17 ሚሊሜትር ያህል ይገባል። በ1 ለ 100 ያጠረው ግን 13 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይገባል። የአራት ሚሊሜትር ልዩነት ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በሐዲዱ ዳር የቆመ ምልክት ወይም የጣቢያ መድረክ በዚያ ልክ ካልራቀ ፉርጎው ይመታዋል። ባለ ጠባብ ክፍሉ ደምበኛ ውዱንና ረጅሙን ከሚገዛ ይልቅ ያጠረውን ቢገዛ ይሻለዋል። ሁሉንም አንድ ርዝመት አድርጎ መግዛት ግን ለሁለቱም ደምበኞች ግዴታ ነው። የ28.2ና የ30.3 ሳንቲሜትር ፉርጎዎች ተቀላቅለው ሲቀጠሉ የመስኮቶቹ ስፋትና አቀማመጥ ስለሚለያይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

3ኛ፤ የኤሌክትሪክ አሠራሩ

አብዛኞቹ ሠሪዎች ኤሌክትሪኩን በሁለቱ ሐዲዶች ከፍለው ያስተላልፋሉ። ስለዚህ በአንድ ዘንግ ላይ ያሉት ሁለት መንኰራኵሮች በመካከላቸው ኤሌክትሪክ እንዳይተላለፍ ተደርገው ይሠራሉ። ሜርክሊን ግን በኤች ኦ ሥራው ሁለቱን ሐዲዶች እንደ አንድ መስመር ቆጥሮ፣ ሁለተኛውን መስመር በሐዲዱ መካከል በተተከሉ ትንንሽ የብረት ነጥቦች ያስኬዳል። ለዚህ አሠራር የተሰናዳ ፉርጎ መንኰራኵሮቹ እርስ በርስ በኤሌክትሪክ የተገናኙ ናቸው። በሁለት ሐዲድ አሠራር ላይ ቢቀመጥ ኮንታክት ይፈጥራል፣ ባቡሩም ይቆማል። የሁለት ሐዲዱ ፉርጎ በሜርክሊን ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ኮንታክት ባይፈጥርም፣ የመንኰራኵሩ ጠርዝ ቅርጽ ልዩ ስለ ሆነ በመገንጠያዎች ላይ ሊስት ይችላል። ብዙ ፋብሪካዎች መለወጫ መንኰራኵሮችን ለብቻቸው ይሸጣሉ፤ ዋጋቸው ግን በፉርጎው ዋጋ ላይ መደመር አለበት። ርካሽ ሆኖ የተገኘው ዕቃ በዚህ ሂሳብ ርካሽነቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ።

4ኛ፤ ጥራቱ በምን ይታወቃል

ጥሩውን ፉርጎ ከመካከለኛው ለመለየት የሚመረመሩት ነገሮች ጥቂት ናቸው።

መስኮቱ፦ በርካሹ ፉርጎ መስታወቱ ከፕላስቲኩ ግድግዳ በስተውስጥ የተለጠፈ በመሆኑ የግድግዳው ውፍረት በመስኮቱ ዙሪያ ይታያል። በጥሩው መስታወቱ ከግድግዳው ፊት ጋራ እኩል ሆኖ ይገጥማል። ከሩቅ ሆኖ ሲታይ ፉርጎውን እውነተኛ ወይም መጫወቻ የሚያስመስለው ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው።

ቀለሙና ጽሕፈቱ፦ እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው ይታተማል፤ ቀለም በበዛ መጠን የሥራው ድግግሞሽ ይበዛል። ከላይ የጠቀስነው ዚልበርሊንግ በመስኮቶቹ ሥር በብረቱ ላይ የተፈተለ፣ የጣዎስ ላባ ዐይን የመሰለ የክብ ክብ ጌጥ አለው። ይህ ጌጥ በሞዴሉ ላይ ጥርት ብሎ መውጣቱ ወይም ግራጫ ሆኖ መደብዘዙ የሠሪውን ትጋት ያሳያል። በጥሩ ፉርጎ ላይ ቁጥሩና የክብደቱ ጽሕፈት በማጉያ መነጽር ሊነበብ ይችላል።

ተጨማሪ ዕቃዎቹ፦ የእጅ መያዣዎች፣ መሰላሎችና የአየር ቱቦዎች በርካሹ ላይ ከግድግዳው ጋራ አብረው የወጡ እብጠቶች ናቸው። በውዱ ላይ ግን ለየብቻቸው ተሠርተው በእጅ ይተከላሉ። እነዚህ ለዐይን ያማሩ ይሁኑ እንጂ በልጅ እጅ ቶሎ ይሰበራሉ።

ክብደቱና አካሄዱ፦ በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤች ኦ ፉርጎ የሚመክረው ክብደት 1 አውንስ ሲሆን፣ በየኢንቹ ርዝመት ግማሽ አውንስ ይጨመርበታል። በዚህ መሠረት 12 ኢንች፣ ማለት 30 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል የሆነ ፉርጎ 7 አውንስ ወይም 200 ግራም ገደማ መመዘን ይገባዋል። የቀለለ ፉርጎ በኩርባ ላይ ከሐዲዱ ይወጣል፤ እጅግ የከበደውን ደግሞ ሎኮሞቲቩ ሊጎትተው አይችልም። የመንኰራኵሩ ዘንግ ያለ መንቀጥቀጥ በነጻ መዞሩን በጣት ገፋ አድርጎ መፈተን ይቻላል።

መያያዣው፦ በ1954 የተመሠረተው የአውሮፓ የሞዴል ባቡር ማኅበራት ኅብረት «ኔም 362» በሚል ቁጥር ለመያያዣ መሰኪያ መደበኛ ልክ አውጥቷል። ይህ መሰኪያ ያለው ፉርጎ የየትኛውንም ሠሪ መያያዣ ስለሚቀበል፣ የተለያዩ ፋብሪካዎችን ፉርጎዎች ማቀላቀል ይቻላል። በጥሩዎቹ ላይ መያያዣው በኩርባ ጊዜ የሚረዝም፣ በቀጥታው መንገድ የሚያጥር ስልት አለው። በዚህም ምክንያት ፉርጎዎቹ በቀጥታው ሐዲድ ላይ ተጠጋግተው ይሄዳሉ።

5ኛ፤ ዋጋው ከምን ይመነጫል

ገዢው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ዋጋው በፕላስቲኩ ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ ነው። ነገር ግን በአንድ ፉርጎ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ዋጋው ጥቂት ነው። ከባዱ ወጪ አካሉ የሚቀረጽበት የብረት ፎርማ ነው። ፎርማው አንድ ፉርጎ ቢወጣበትም አሥር ሺህ ቢወጣበትም ወጪው ያው ስለ ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ፉርጎ የሚደርሰው ድርሻ የሚወሰነው በሚሸጠው ብዛት ነው። ፋብሪካዎች አንዱን ፎርማ በየዓመቱ በሌላ ቀለምና በሌላ ቁጥር የሚያወጡት ለዚህ ነው። ብዙ ዘመን የሠራ ፎርማ ወጪው አስቀድሞ የተመለሰ በመሆኑ ፉርጎው በርካሽ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ርካሽ የሆነው ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ንድፉ አሮጌ ሊሆን ይችላል እንጂ።

ሁለተኛው ወጪ የእጅ ሥራ ነው። ከላይ የተባሉትን ትንንሽ ዕቃዎች የሚተክል መሣሪያ ሳይሆን የሰው እጅ ነው። በዚህ ምክንያት የእንግሊዙ ሆርንቢ በ1990ዎቹ ውስጥ ሥራውን ወደ ቻይና አዛወረ። ባክማን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ከ1987 ጀምሮ የሆንግ ኮንጉ የካደር ድርጅት ንብረት ነው። ለተለያዩ ስሞች ይሠራ የነበረውን ሳንዳ ካን የተባለውን ፋብሪካም ካደር በ2008 ጠቀለለው። ከዚህ የምንረዳው በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ዕቃው የት እንደ ተሠራ ሁልጊዜ የማያሳይ መሆኑን ነው።

ስም ራሱ ዋጋ አለው፤ ስም ግን ድርጅትን ከኪሳራ አያድንም። ከ1859 ጀምሮ የነበረው ሜርክሊን በ2009 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ2013 ወደ ሌላ ባለቤትነት ተዛወረ። በርካሽ ዋጋው ይታወቅ የነበረው የጣልያኑ ሊማ በ2004 ለሆርንቢ ተሸጠ። ውድ የሚሸጠውም ርካሽ የሚሸጠውም የተቸገሩበት ገበያ መሆኑን አስመጪ ሊዘነጋው አይገባም፤ ምክንያቱም ዛሬ የጀመረውን የፉርጎ ተከታታይ ነገ ላያገኘው ይችላል።

6ኛ፤ የሂሳብ ማነጻጸሪያ

በቅርብ ዓመታት በጀርመን የችርቻሮ ገበያ የኤች ኦ ፉርጎዎች ዋጋ በግምት በሦስት ደረጃ ይመደባል። ለጀማሪ የሚሠሩት ከ40 እስከ 55 ዩሮ፣ ሙሉ ዝርዝር ያላቸው ከ60 እስከ 90 ዩሮ፣ መብራትና ልዩ መሣሪያ ተገጥሞላቸው የሚወጡት ከ100 ዩሮ በላይ ናቸው። በሶንበርግ ከተማ ያለው ፒኮ «ሆቢ» እና «ኤክስፐርት» በሚሉ የተለያዩ ስሞች ዕቃውን ስለሚለይ፣ ገዢው በአንዱ ሠሪ ካታሎግ ውስጥ ብቻ ይህን የደረጃ ልዩነት ሊያይ ይችላል።

ስድስት ፉርጎ ያለውን ባቡር እንውሰድ። በ45 ዩሮ ሂሳብ 270 ዩሮ፣ በ80 ዩሮ ሂሳብ 480 ዩሮ ይሆናል፤ ልዩነቱ 210 ዩሮ ነው። ደምበኛው በርካሾቹ ላይ መብራት ለማስገባት ቢፈልግና ለእያንዳንዱ 20 ዩሮ ቢያወጣ 120 ዩሮ ይጨመራል። መንኰራኵሮቹንም መለወጥ ካስፈለገና ለፉርጎው 8 ዩሮ ቢወጣ 48 ዩሮ ይጨመራል። ድምሩ 438 ዩሮ ሲደርስ፣ ከውዱ ጋራ ያለው ልዩነት 42 ዩሮ ብቻ ይሆናል። በውዱ ላይ ግን መብራቱ ቀድሞ የተገጠመ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ያው 120 ዩሮ በእርሱም ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሚነጻጸረው ለሐዲዱ የተሰናዳው ሙሉ ባቡር ነው እንጂ በሣጥን ያለው አንዱ ፉርጎ አይደለም።

ለሕፃን የሚገዛ አባት፣ መስኮቱ ጥልቅ ቢሆንም የማይሰበረውንና የማይከብደውን ቢገዛ ገንዘቡ በከንቱ አልጠፋም። ባቡሩን በመስታወት ውስጥ አስቀምጦ የሚያይ ሰው ደግሞ ለእጅ መያዣውና ለጽሕፈቱ የከፈለው አይቆጨውም። ሻጩ የደምበኛውን ዐላማ ሳይጠይቅ ውዱን ቢያስገዛው አንድ ጊዜ ያተርፋል፤ ደምበኛው ግን አይመለስም።

7ኛ፤ ስላገለገሉ ፉርጎዎች

ያገለገሉ ፉርጎዎች ገበያ በአውሮፓ ሰፊ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከአዲሱ በጣም ያንሳል። ጥንታዊ የቆርቆሮ ፉርጎዎች ቀለማቸው ካልተፋቀና ሣጥናቸው ካልጠፋ ለሰብሳቢዎች ይፈለጋሉ። ነገር ግን በቀድሞ ዘመን ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩ ዕቃዎች፣ በቅይጡ ውስጥ እርሳስና ሌላም እድፍ ከገባ ከብዙ ዓመታት በኋላ እየተሰነጠቁና እያበጡ ይፈርሳሉ፤ ይህም መድኀኒት የለውም። በፕላስቲክ ፉርጎ ላይ ደግሞ የሚመረመረው ጣራው መጣመሙ፣ መያያዣው መጉደሉና መንኰራኵሩ መለወጡ ነው።

ማጠቃለያ

ከማዘዝ በፊት የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች ለሠሪው ወይም ለአከፋፋዩ ማቅረብና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይበቃል፦

1. ልኬቱ ስንት ለስንት ነው፣ የሐዲዱስ ስፋት?
2. ርዝመቱ ሙሉ ነው ወይስ ያጠረ፤ ካጠረስ በስንት?
3. የሚሄድበት የኩርባ ጥበት እስከ ምን ድረስ ነው?
4. መንኰራኵሩ ለየትኛው የኤሌክትሪክ አሠራር ነው፣ መሰኪያውስ መደበኛ ነው?
5. መብራቱ የተገጠመ ነው ወይስ ለብቻው የሚገዛ፤ የዚሁ ተከታታይ ቀሪ ፉርጎዎችስ በዚሁ ዓመት ይገኛሉ?

አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የባለሙያ ልማድ እንደ ሆነ ሁሉ፣ እነዚህን ጠይቆ ያዘዘ ነጋዴ ያመጣው ፉርጎ ከሌሎቹ ጋራ ተቀጥሎ ይሄዳል። ዋጋውን ብቻ አይቶ ያዘዘው ግን የዕቃውን ርካሽነት ሲያስብ የመጓጓዣውን፣ የቀረጡንና በመደርደሪያ የቀረውን ገንዘቡን በሂሳቡ ሳያስገባ ቀርቷል።